ጳጉሜ ያጋለጠችው ቁጣ

የሺዓለም ክፉ ሴት ናት የሚል ካለ ወጥቶ ይናገርና ይለይለት! ናዝሬት ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ፣ በረንዳዋ ላይ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ የስንቱን ልጅ ዩኒፎርም የሰፋች ሴት ናት። ጎረቤት ሲታመም ቀድማ የምትደርሰው እሷ፣ ለቅሶ ቤት ወገቧን አስራ ሽንኩርት የምትከትፈው እሷ፣ ሠርግ ቤት እስክስታውን የምታስጀምረው እሷ። ጨዋታ አያልቅባትም። ደንበኛ ልብስ ሊለካ መጥቶ፣ ሲስቅ ቆይቶ፣ ሳይለካ የሄደበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለችውን ሴት ነው እንግዲህ በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት "ሰይጣን ሰፍሮባታል" ብለው ያስወሩባት።

እውነቱን መሸሸግ ግን አይገባም። በወር አንድ ሰሞን የሺዓለም ሌላ ሰው ትሆናለች። ራሷን ይፈልጣታል፤ ሆዷ ይነፋል፤ ጡቷ ከማመሙ የተነሳ ትንሿን ልጇን ማቀፍ ያስጨንቃታል። እንቅልፍ እምቢ ይላታል። ጠዋት ስትነሳ ማንም ምንም ሳይላት ልቅሶ ጉሮሮዋ ድረስ መጥቶ ይቆማል። ቁጣውስ! ክር ቢበጠስ ቁጣ፣ በር ቢንኳኳ ቁጣ፣ ባሏ ሰብስቤ ሲያኝክ ድምፅ ቢያሰማ ቁጣ። ሰብስቤ ደግሞ የባቡር ሠራተኛ ነው፤ ዝምተኛ፣ ነገር የማይወድ፣ ዝንብ እሽ የማይል ሰው።

ይህ ሁሉ ታዲያ ቀን ጠብቆ የሚመጣ ነው። የወሩ ሚካኤል ሲቃረብ ይጀምራታል፣ በሚካኤል ዕለት ይብስባታል፣ ሚካኤል ባለፈ ማግስት ሸክም እንደወረደለት ሰው ቀለል ይላታል። የወር አበባዋም የሚመጣው በዚያው ማግስት ነው። ይህን ሁለተኛውን ግን ማን ልብ ብሎት! የወር አበባ በየወሩ የሚመጣ የሴት ነገር ነው፤ ማን ከቁጣ ጋር ያገናኘዋል? እሷም፣ ጎረቤቱም፣ ሁሉም ያዩት ሚካኤልን ብቻ ነው።

በሚካኤል ዕለት ደግሞ ቤቷ አትቀመጥ። የሚካኤል ጽዋ ማህበር አላት። ሴቶቹ በየወሩ በተረኛዋ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል፣ ጽዋው ከአንዷ ቤት ወደ ሌላዋ ይሻገራል። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው ስብስብ በጎሪጥ ይታያል። እሁድ "ስብሰባ ውጡ" ይባላል፣ ከሰዓት በኋላ መሠረተ ትምህርት አለ፣ ሰው ጎረቤቱን የሚያምነው ግራ ቀኙን አይቶ ነው። ሴቶቹ ግን ጽዋቸውን አልተዉም። ያኔ ማህበር ማለት ብትሞቺ የሚያለቅስልሽ፣ ብትታሰሪ ልጅሽን የሚያበላልሽ ሰው ማለት ነው። ከማህበር የወጣች ሴት ብቻዋን ናት። የሺዓለም ደግሞ ከሁሉ አብልጣ የምትጠብቀው ተራ ነበራት፤ የሚመጣው ኅዳር ሚካኤል፣ የዓመቱ ትልቁ በዓል፣ የሚደገሰው በእሷ ቤት ነው።

በሰኔ ሚካኤል ያ ጉድ ሆነ። መሰለች የምትባል ማህበርተኛ የሺዓለም የሰፋችላትን አዲስ ቀሚስ ለብሳ መጣች። ዳቦው ተቆርሶ ጨዋታ ሲጀመር ክንዷን ዘርግታ፣

"እንዴት ነው የሺዬ፣ ይቺ እጅጌ ትንሽ ጠመም አላለችም?" አለች።

እየሳቀች ነው ያለችው። ሌላ ቀን ቢሆን የሺዓለም "የጠመመው ክንድሽ ነው" ብላ ቤቱን በሳቅ ታፈርሰው ነበር። ያን ዕለት ግን ብድግ አለች፣ እጅጌውን ከትከሻው ያዘች፣ ጭርርር አድርጋ ነቀለችው!

"ይኸው ቀናልሽ!" ብላም ዳቦው ላይ ወረወረችው።

ኧረ ጉድ! መሰለች ራቁቱን የቀረ ክንዷን በነጠላዋ ሸፈነች። የሺዓለም ደግሞ ያደረገችውን አየችና እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብላ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች። ሴቶቹ አማተቡ። "ጽዋው ፊት ስትቀርብ ነው እኮ የሚነሳባት" አለች አንዷ። "አምና እንዴት ያለች ሰው ነበረች! ከመስከረም ወዲህ ነው የለከፋት" አለች ሌላዋ።

የማህበሩ መሪ፣ በማህበር ወግ "ሙሴ" የሚባሉት፣ እትዬ ዘውድነሽ ናቸው። የመንዝ ሰው፣ ቀጥ ያሉ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ ሴት። የሺዓለምን ከመሬት አንስተው እንባዋን ጠረጉላትና "ልጄ፣ ይህ ያንቺ ሥራ አይደለም። ጠበል ግቢ" አሏት።

ገባች። እሷ እንኳ በልቧ የምትፈራው ሌላ ነገር ነበራት። ልጇ በኩፍኝ ታማ ለሞት ስትቀርብ "ሚካኤል ሆይ፣ ማርልኝ እንጂ ጃንጥላ አስገባልሃለሁ" ብላ ተስላ ነበር። ልጅቷ ዳነች፤ ጨርቁ ከገበያ ጠፋና ስለቱ ሳይገባ ቆየ። "መልአኩ ተቆጥቶኝ ነው" ብላ ከፋይ ጨርቅ ከዚህም ከዚያም ፈልጋ፣ በገዛ እጇ ሰፍታ፣ ዙሪያውን ዘርፍ ቀጥላ በሐምሌ መጀመሪያ አስገባች። በዚያ በክረምት ብርድ ጠበሉንም ተጠመቀች። ምን ዋጋ አለው! ሐምሌ ሚካኤል ያው፣ ነሐሴ ሚካኤል ያው። ነሐሴ ላይማ "ምን ታፈጡብኛላችሁ!" ብላ ማህበርተኞቹን ጥላቸው ወጣች። ቤቷ ገብታ ትራስ ላይ ተደፍታ "ጃንጥላዬንም አልተቀበለኝም" እያለች አለቀሰች። አይ የሺዓለም! ያን ልቅሶ ያየላት ሰው የለም።

እትዬ ዘውድነሽ ሌላ ቀን መጡና በረንዳው ላይ ቁጭ አሉ።

"እስከ ኅዳር ጊዜ አለሽ" አሏት። "ካልተሻለሽ ግን ተራሽ ይዘለላል። ጽዋው ወደ መሰለች ይሻገራል።"

ተራ መዘለል ማለት በጨዋ ደንብ "ውጪልን" ማለት ነው። ይህን የማያውቅ የለም፤ የሺዓለምም አውቃዋለች።

ሰብስቤ ደግሞ የራሱ ዘዴ ነበረው። ሚካኤል ሲቃረብ ከጓደኞቹ ጋር ተራ ይለዋወጥና ወደ ድሬዳዋ በሚወርደው ባቡር እብስ ይላል። ሚካኤል ሲያልፍ ብርቱካን በዘንቢል ይዞ፣ ፈገግ ብሎ ይመለሳል። አዲሱ ዓመት ገባና በመስከረም ሥላሴ ዕለት፣ ሚካኤል ሊደርስ አምስት ቀን ይቀረዋል ብሎ፣ ምንም ሳይጠረጥር ቤቱ ቁጭ ብሎ ምሳውን ይበላል። የሺዓለም ያን ጠዋት ለሚካኤል የምትለብሰውን ቀሚስ ሞክራ ጎኑ አልቆለፍ ብሏት፣ ራሷን በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራ፣ ከፊቱ ተቀምጣለች።

"አታኝክ!" ብላ ጮኸች።

ሰብስቤ ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ ክው አለ። "ምነው? ሚካኤል እኮ ገና ነው!"

"ምን አልክ?"

ተያዘ! ጉርሻውን ዋጠና "ኧረ ምንም" አለ።

"ለዚህ ነው ድሬዳዋ የምትጠፋው? ከኔ ሸሽተህ?"

"ታዲያ ምን ላድርግ የሺዬ? ሰው ዝናብ ሲመጣ አይጠለልም?"

ከዚህ በኋላ የሆነውን መንደሩ ሁሉ ሰምቷል፤ መድገም አያስፈልግም። በማግስቱ የወር አበባዋ መጣ፣ ንዴቱም ብን ብሎ ጠፋ። ቀናት አለፉና በሚካኤል ዋዜማ፣ ጎኑን ልታሰፋው ብላ ያንኑ ቀሚስ አወጣች። ከመፍታቷ በፊት እስቲ ልየው ብላ ለበሰችው። ቁልፎቹ አንድ ባንድ እየሳቁ ገቡ!

የሺዓለም መስተዋቱ ፊት ደርቃ ቀረች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ጨርቅ ታውቃለች። ቁም ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ጨርቅ አይጠብም፣ አይሰፋም። ዓመቱን ሙሉ በሚካኤል ዕለት ያ ቀሚስ አልቆለፍ ሲላት ጨርቁን ስትረግም ኖራለች። አሁን ግን ሚካኤል ደርሷል፣ ቀሚሱ ልክ ነው፣ ራሷ አያማትም፣ ልቧም ፀጥ ብሏል።

"ሰብስቤ! ና ወዲህ!"

ሰብስቤ መጣ፤ አንድ እግሩን ግን ውጪ አስቀርቶ ነው።

"የሚጠበው ቀሚሱ አይደለም" አለች። "የምነፋው እኔ ነኝ። ደሜ ሊመጣ ሲል እነፋለሁ፣ ደሜ ሊመጣ ሲል እቆጣለሁ። ደሜ ሲመጣ ይለቀኛል። አምና ሚካኤል ላይ ነበር፤ ዘንድሮ ሥላሴ ላይ ሆነ።"

"ማን ወደ ሥላሴ አመጣው?"

የሺዓለም ጥቂት አሰበችና ጭኗን መታች። "ጳጉሜ!"

ነገሩ እንዲህ ነው። የኛ ወር ሁሌም ሠላሳ ነው፤ የእሷም ወር ከሠላሳ ብዙ ፈቀቅ አይልም። ስለዚህ ቁጣዋና ሚካኤል እንደ ጥንድ በሬ ተጠምደው ዓመቱን አብረው ዘለቁ። ጳጉሜ በአምስት ቀኗ መጣችና መሃላቸው ገብታ አላቀቀቻቸው። ሚካኤል በቦታው ቀረ፣ የእሷ ቀን ግን በአምስት ቀን ቀደመ። መልአኩ ምን አጠፋ? ዓመት ሙሉ የታማው በከንቱ ነው!

"ይቅር በለኝ አባቴ" ብላ አማተበች፤ ቀጥላም ሳቀች፣ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ሳቀች።

"ጃንጥላውን ታስመልሺያለሽ?" አላት ሰብስቤ።

"ዝም በል አንተ!" ብላ በትራስ አለችው።

ያን ለት ከሰዓት በኋላ ጤና ጣቢያ ሄደች። ሲስተር አየለች የሁሩታ ልጅ ናት፤ በመሠረተ ትምህርቱ አዳራሽ እየመጣች ለሴቶች ስለ ጤና የምታስተምር ነርስ። "አካም ጅርታ የሺዓለም!" ብላ ወንበር ሰጠቻት። የሺዓለም ሁሉንም ነገረቻት፤ እጅጌውንም፣ ጃንጥላውንም አልደበቀችም። ሲስተር አየለች እጅጌው ላይ ስትደርስ አፏን ይዛ ሳቀች፣ ከዚያ ግን እጇን ጉልበቷ ላይ አሳረፈችላት።

"አቦ፣ ያንቺ ብቻ መሰለሽ? የወር አበባዋ ከመምጣቱ በፊት የምትሰቃይ ሴት ብዛቷ! ሰውነት ውሃ ይይዛል፣ ለዚህ ነው ቀሚስሽ የጠበበሽ። ስሜትም አብሮ ይታወካል። ሰይጣንም አይደለም፣ እብደትም አይደለም።"

የሺዓለም ዓይኗ ሞላ። ዓመቱን ሙሉ ሳታማትብ ያናገረቻት የመጀመሪያዋ ሰው ናት። "መድኃኒቱስ?" አለቻት።

"ነቅሎ የሚጥል ነገር አለኝ ብዬ አልዋሽሽም። እንዲቀልልሽ ማድረግ ግን ይቻላል፤ አብዛኛው እጅሽ ላይ ነው።" ጨው እንድትቀንስ፣ ቡናውን እንዳታበዛ፣ ባዶ ሆዷን እንዳትውል፣ በእግሯ እንድትሄድ፣ በጊዜ እንድትተኛ ነገረቻት። "ለቤተሰብሽም ንገሪ። የማያውቁት ነገር ነው ሰውን የሚያስፈራው። መኖር እስኪያስጠላሽ የሚከፋሽ ከሆነ ደግሞ ቀኑ እስኪያልፍ አትጠብቂ፤ በዚያው ዕለት ወደኔ ነይ፣ እሺ?"

"እሺ" አለችና እጇን ስማ ወጣች።

በማግስቱ ሚካኤል ነው። የሺዓለም ማህበር ቤት ገባች፣ ሁሉንም ሳመች፣ ቀለደች፣ ያን የነቀለችውን እጅጌ መልሳ ሰፍታ፣ ቀሚሱን ጠቅልላ ለመሰለች ሰጠቻት። ሴቶቹ ተያዩ። "ጠበሉ ሠራ!" አለች አንዷ፤ እልል ተባለ። እትዬ ዘውድነሽም "ሚካኤል ይመስገን፣ ወጣልሽ" አሏት።

እዚህ ላይ ዝም ብትል ኖሮ ሁሉም ነገር በዚያው ባለቀ። ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ይላል። የሺዓለም ግን በሐሰት የተገኘ ሰላም አላስቀምጥ አላት። በዚያ ላይ ሥላሴ በየወሩ ይመጣል፤ ከኅዳር ሚካኤል በፊትም አለ፣ ልክ በድግሱ ዝግጅት መሃል! "የወጣልኝ ነገር የለም እትዬ" አለች። ስለ ቀሚሱ፣ ስለ ጳጉሜ፣ ስለ ሲስተር አየለች ሁሉንም ተናገረች። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ፤ አንዷ ብቻ ቀስ ብላ "እኔም ጊዮርጊስ ላይ..." ብላ ጀምራ እትዬ ዘውድነሽን አየችና ተወችው።

እትዬ ዘውድነሽ ፊታቸው ጠቆረ። "የሴት ነገር ማህበር ላይ አይወራም! ደግሞም ስሚኝ። ሰይጣን ቢሆን ጠበል አለው፣ እናዝንልሽም ነበር። የገዛ ጠባይሽ ነው ካልሽ ግን ምን ምክንያት ቀረሽ? በኅዳር ለዝግጅቱ እኔ ራሴ ቤትሽ እመጣለሁ። አንድ ሰው ላይ ብትነሺ ጽዋው ያኔውኑ መሰለች ቤት ይገባል። ሁላችሁም ሰምታችኋል።"

በል እንግዲህ! እውነት ተናግራ ነገሩን አባሰችው። ወደ ቤቷ ስትመለስ ሰብስቤ "ምን አፍሽን በላሽ?" አላት። "እንጃ" አለችው፤ "ግን ቀሎኛል።"

ከዚያ ሥራ ተጀመረ። መጀመሪያ ጨው። የሺዓለም ከምግብ ጨው ቀነሰች፣ ሰብስቤ "ይህ ወጥ ነው ወይስ ውሃ?" አለ፣ ጨዋታው አላምር ሲል ለእሱ ጨው በትንሽ ሰሃን ከጎኑ ተቀመጠለት። ቡናውን ከአቦል አላልፍም አለች፤ ጎረቤቶቿ "ሶስተኛውን ያልጠጣ ምኑን ጠጣ" ብለው አኮረፉ፣ ኋላ ለመዱት። ሌላ ጊዜ ስፌት ላይ ከተቀመጠች እስከ ማታ እህል የማትቀምሰው ሴት አሁን አጠገቧ ሽምብራ ቆሎ፣ ሙዝ፣ ከመልካሳ በኩል የሚመጣ ፓፓያ አይጠፋም።

በእግር መሄዱ ነበር የከበዳት። በናዝሬት ጋሪ እያለ ማን በእግሩ ይሄዳል? ባለ ጋሪው ቀነኒሳ ዓመታት ያመላለሳት ደንበኛው ናት። በሐዲዱ ዳር ዳር ስትሄድ ባያት ቁጥር ፈረሱን ያቆምና "የሺዓለም፣ ፈረሴ ምን አጠፋሽ?" ይላታል። "ፈረስህ አላጠፋም፣ ነገሬ ወጥቶልኝ እስኪያልቅ ልሂድ ብዬ ነው" ትለዋለች። እየቆየ ነገሩ ገባው፤ ፊቷ ከሩቅ ካላማረው "ነጋቲ! በደህና!" ብሎ ብቻ ያልፋታል። ይህም ትልቅ ወዳጅነት ነው።

ጥቅምት ሥላሴ ላይ ተሞከረ። ሁሉም አማረ ማለት አይደለም፤ የመኪናዋን መርፌ ሰብራ አልቅሳለች። ነገር ግን እያለቀሰች "ያ ቀኔ ነው፣ ያልፋል" አለች። ሰብስቤ ድሬዳዋ አልሄደም። ጠርሙስ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልቶ፣ በፎጣ ጠቅልሎ ሆዷ ላይ አስቀመጠላትና "ማኘክ ይፈቀዳል?" ብሎ ጠየቀ። "በቀስታ" አለችው። በጊዜ ተኙ። ጠዋት ስትነሳ ያ የጉሮሮዋ ልቅሶ ነበረ፤ ግን ትንሽ ነበር፣ በሐዲዱ ዳር ጥላው ተመለሰች።

ኅዳር ገባ። የሺዓለም ብልጥ ሆናለች፤ ከባዱን ሥራ ሁሉ ቀኗ ሳይደርስ ጨረሰችው። ጌሾው ተወቅጦ፣ ብቅሉ ተፈጭቶ፣ በሥላሴ ዕለት ድፍድፉ በትልቁ ጋን ገብቶ ይብላላ ነበር። ያን ቀን የተረፈው ስንዴ መልቀም ብቻ ነው። ሴቶቹ መጡ። እትዬ ዘውድነሽም እንዳሉት መጡና በርጩማ አስመጥተው ጋኑ ሥር ተቀመጡ። ዓይናቸውን ከየሺዓለም ላይ አላነሱም። እንግዲህ አስቡት! ራስን እየፈለጠ፣ ሆድ እየነፋ፣ ከፊት ለፊት ደግሞ "መቼ ትቆጣ ይሆን" ብሎ የሚጠብቅ ዓይን! ጤነኛውንስ አያሳብድም?

ቀኑ ወደ ማዘንበሉ እትዬ ዘውድነሽ ሊነሱ ፈለጉ። ጉልበታቸው አልታዘዝ ሲላቸው የጋኑን አፍ ይዘው ተንጠራሩ። ጋኑ ጋደል አለ። ሰው "ጋኑን!" እስኪል ድረስ ወርዶ ቋ! አለና ለሁለት ተከፈለ። የሳምንቱ ልፋት፣ ጌሾው፣ ብቅሉ፣ ሁሉ ግቢውን አጥለቀለቀው።

መሰለች ክንዷን ሰበሰበች። ሰብስቤ በሩ ላይ ቆሟል፤ አልሸሸም፣ ግን ገርጥቷል። እትዬ ዘውድነሽ እግራቸው ድፍድፍ ውስጥ ሆኖ የሺዓለምን ያያሉ። ሁለት ወር ሙሉ "አንድ ሰው ላይ ብትነሺ" ያሏት ሴት፣ ድግሷን በገዛ እጃቸው ደፉባት! ሌላ ጋን ቢጠነሰስ ለሚካኤል አይደርስም።

የሺዓለም ቁጣው ከእግሯ ሲነሳ ተሰማት። ደረቷ ጋለ፣ ጆሮዋ ጮኸ፣ አፏ ውስጥ አንድ ቃል መጣ፤ ያ ቃል ከወጣ መመለሻ የለውም። ጥርሷን ነከሰች።

"እትዬ፣ አልጎዳዎትም?" አለች።

"አልጎዳኝም" አሉ።

"እንግዲያው መጣሁ።" ነጠላዋን አነሳችና ወጣች።

በሐዲዱ ዳር ሄደች፤ ሮጠች ቢባል ይሻላል። ሰው የሌለበት ስትደርስ ጮኸች። እትዬ ዘውድነሽን ሰደበች፣ ጋኑን ሰደበች፣ ጌሾን የፈጠረውን ሊሰድብ የነበረ አፏን በእጇ ያዘች። የናዝሬት ነፋስ አቧራውን ፊቷ ላይ ይበትናል፤ እሷ ታለቅሳለች፣ ትሄዳለች። ቀነኒሳ ጋሪውን ይዞ በሩቁ አለፈ፤ ባርኔጣውን ብቻ ነካ አደረገ። እየሄደች እየሄደች ትንፋሿ ተመለሰ። "ቀኔ ነው" አለች። "ጋኑ ግን የእውነት ተሰብሯል። ሁለቱም እውነት ነው።" ይህን ካለች በኋላ ፊቷን አብሳ ተመለሰች።

ሴቶቹ እንደነበሩ ቆመዋል። የሺዓለም መሃላቸው ገባች።

"ተናድጃለሁ" አለች። "አልዋሽም፣ አሁንም ተናድጃለሁ። ዛሬ ደግሞ ሕመሜ ስላለብኝ ንዴቴ እጥፍ ነው። ስለዚህ ለኔ አንድ ሲኒ ሙቅ ውሃ ስጡኝና ላፍታ ጋደም ልበል። ተነስቼ ጠላውን ከየት እንደምናመጣ እንመካከራለን። ይህ ጽዋ ከዚህ ቤት አይሄድም!"

ብላም ገብታ ተኛች። በግቢው የቀሩት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩና፣ ሳይማከሩ፣ ስብርባሪውን ለቀሙ። መጀመሪያ የተናገረችው መሰለች ናት። "እኔ ቤት ለልጄ ክርስትና የተጠነሰሰ አለ። ክርስትናው ይቆየኛል" አለች። ሌላዋ "እኔ አንድ እንስራ አላጣም" አለች። ያቺ ጊዮርጊስ ላይ ይነሳብኛል ልትል የነበረችውም አመጣለሁ አለች። እትዬ ዘውድነሽ ብቻ ምንም ሳይሉ ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ። ሁሉም "አኮረፉ" አለ።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ከተማው እንደ ልማዱ ቆሻሻውን ሲያቃጥል ነው ያረፈደው፤ ጭሱ ሰፈር ለሰፈር ይዞራል። የሺዓለም ቀኗ ካለፈ ሰንብቷል፤ ፊቷ በርቶ፣ እንግዳ ስትቀበል፣ ስትቀልድ፣ ዳቦው በመሶብ ሞልቶ ቤቷ ጢም ብሏል። ጠላው ከየቤቱ የመጣ ስለሆነ አንዱ ይጠቁራል፣ አንዱ ይቀላል፣ አንዱ ጌሾው ይበዛል። ማንም ስለዚያ አላነሳም። የሚያሳስባት አንድ ነገር ነው፤ እትዬ ዘውድነሽ አልመጡም። ሙሴው ካልተገኙ ጽዋው አይነሳም።

ጸሎቱ ሊጀመር ሲል ደጅ የጋሪ ድምፅ ተሰማ። ቀነኒሳ ነው፤ ከኋላው እትዬ ዘውድነሽ፣ ከጎናቸው ደግሞ በገመድ የታሰረ አንድ ትልቅ ጋን። ወንዶቹ አውርደው አስገቡት። ሞልቷል። ለራሳቸው ቤት ተዝካር ብለው ያስጠነሰሱት ኖሯል።

እትዬ ዘውድነሽ ወደ ቦታቸው ሄዱ፤ ግን አልተቀመጡም።

"ማህበርተኞች፣ ስሙኝ" አሉ። "የዚህችን ልጅ ድግስ የደፋሁት እኔ ነኝ። በኔ ላይ ደርሶ ቢሆን፣ ጤነኛ ነኝ በምልበት በማንኛውም ቀን፣ የደፋብኝን ሰው ከግቢዬ አስወጣው ነበር። እሷ ግን በሕመሟ ቀን 'አልጎዳዎትም ወይ' አለችኝ። ያን ቃል ይዤ ሳልተኛ ሰንብቻለሁ። ተራዋ ይዘለል ያልኩት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ በዚህ ማህበር በሕመሟ ምክንያት ተራዋ የሚዘለል ሴት የለችም።" ወደ የሺዓለም ዞረው፣ ያ ታጥፎ የማያውቅ ወገባቸውን ዝቅ አደረጉ። "ልጄ፣ ይቅር በዪኝ።"

የሺዓለም ሮጣ ትከሻቸውን ያዘች። "ኧረ እትዬ! ኧረ በሞቴ! እግዜር ይቅር ይበለን። እኔም እኮ ሐዲዱ ዳር ሄጄ እርስዎን ስሰድብ ነው ያመሸሁት!"

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። እትዬ ዘውድነሽ ሳይቀሩ፣ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ጽዋውን በሁለት እጃቸው አንስተው ለየሺዓለም ሰጧት፣ እልልታው እስከ ጣቢያው ተሰማ፣ የኅዳር ሚካኤልም ጽዋ በእሷ ቤት ወጣ።